የግቢው ውሻ ፀጉር ቦታ ቦታ ሲረግፍ



ውድ አንባቢያን፤ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች አመጋገብ በሚጻፍበት አምድ ላይ የውሻ ነገር ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ግን ይህን ጉዳይ ሳይጠየቅ ወር አይሞላውም። ደንበኛው ተራው ደርሶ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ለጭርት የሚሆን ቅባት ስጪኝ» ይላል። የታመመው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሲባል ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያይና «ኧረ ለውሻው ነው» ይላል።

ማፈሩ ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ውሻን ሳሎን አስገብቶ ማሳደግ የእኛ ልማድ አይደለም። ምላሱን ያስገባበትን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ እንዳለብንም ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ይሁንና ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን የሚያገለግል ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው በዚያ ሥራው ምሕረት ማግኘቱንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ግቢያችንን ለሚጠብቅ እንስሳ መድኃኒት መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆዳው ላይ የሚደፋውና በመርፌ የሚወጋው ነገር። ብዙ ጊዜ ውሻውን የሚገድለው የያዘው በሽታ ሳይሆን ይህ ነው።

ፀጉር መርገፍ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳትን ወባም፣ ታይፎይድም፣ ጉንፋንም ሊያመጣው እንደሚችል ሁሉ የውሻ ቆዳም ቦታ ቦታ የሚመለጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ አለ፤ ፈጽሞ የማይተላለፍም አለ። ሳይታከም ከቀረ ውሻውን የሚያመነምን አለ፤ ምንም ሳይደረግለት በራሱ የሚጠፋም አለ። በመሆኑም ወደ መድኃኒት ቤትም ሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ውሻውን የሚመግበው ሰው በቀን ብርሃን ይያዘውና በደንብ ተመልከቱት። የተመለጠው የት ላይ ነው? ያሳክከዋል ወይስ አያሳክከውም? ከቤተሰቡ ወይም ከሌሎቹ እንስሳት የሚያክ አለ? የእነዚህን መልስ ይዞ የሚመጣን ሰው መርዳት ይቀላል።

የሚያሳክከው

ውሻው ቀን ከሌት የሚያክ፣ ጆሮውን በኋላ እግሩ የሚፍቅ፣ ገላውን ከአጥርና ከግድግዳ ጋር የሚያሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። እከክን የሚያመጣው በዓይን ለማየት የሚያዳግት ስምንት እግር ያለው ተባይ ነው። ሴቷ የቆዳውን የላይኛ ክፍል እየቦረቦረች እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከእንቁላል የወጣው አድጎ በተራው እስኪራባ 3 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮ ጠርዝ፣ ከፊት እግር ክርን፣ ከኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና ከሆድ ሥር ሲሆን ጀርባው መጀመሪያ ላይ ይተርፋል። ቆዳው ይቀላል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ እየቆየ ይወፍርና ይሸበሸባል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መፈተኛ አለ። የጆሮው ጠርዝ በጣት ሲታሽ ውሻው የኋላ እግሩን ልክ እንደሚያክ አድርጎ ካወዛወዘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ውሻ አጠገቡ ለሚተኛው ሌላ ውሻ ማስተላለፉ ስለማይቀር ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች በሙሉ አብረው መታከም አለባቸው።

የተመለጠው ወገቡ ላይ፣ የጅራቱ ሥርና የኋላ ጭኑ ከሆነ ደግሞ ቁንጫን አስቡ። አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ስላለው ጥቂት ንክሻ እንኳ ዕረፍት ያሳጣዋል፤ ራሱን በጥርሱ እየነከሰ ፀጉሩን ይጨርሰዋል። «ፈልጌ አንድም ቁንጫ አላገኘሁበትም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ አድርጉ፦ ነጭ ሶፍት በውሃ አርሱና ከፀጉሩ መካከል የሚራገፈውን ጥቁር ብናኝ ጣል አድርጉበት። ብናኙ ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ቁንጫዋ የመጠጠችው ደም ነው። ውሻው ላይ የሚታዩት ቁንጫዎች ከጠቅላላው ጥቂቱ ናቸው። የሚበዙት በእንቁላልና በእጭ መልክ በተኛበት ጆንያ፣ በገለባውና በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ውሻውን አጥቦ ያንኑ ጆንያ መልሶ ማንጠፍ ከንቱ ድካም ነው። ጆንያውና ገለባው ይቃጠል፤ ጨርቅ ከሆነ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ይምታው፤ የውሻው ቤት ስንጥቁ ሳይቀር ይጠረግ፤ ይህም በየሳምንቱ ይደጋገም።

ቁንጫን አቅልሎ ማየት ለልጆችም ጥሩ አይደለም። የውሻ ቁንጫ በሆዷ የአንድ ኮሶ መሰል ትል እጭ ልትይዝ ትችላለች፤ መሬት ላይ የሚጫወት ሕፃን ቁንጫዋን ሳያውቅ ቢውጣት ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። በሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር የታየበት ሕፃን ግቢያችሁ ካለ ለጤና ባለሙያው ውሻ እንዳለ መንገር አትርሱ።

የማያሳክከው

ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት የሆነው ቡችላ ዓይኑ ዙሪያ፣ የአፉ ጠርዝ ወይም የፊት እግሩ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቦታ ተመልጦ፣ ነገር ግን እንደ ወትሮው የሚበላና የሚጫወት ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዴሞዴክስ የተባለ ሌላ ተባይ ነው። ይህ ተባይ የፀጉር ሥር ውስጥ የሚኖር ሲሆን ጤነኛ ውሾችም በትንሹ ይኖርባቸዋል። ቡችላው የሚያገኘው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጠባ ከእናቱ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ የታየ እንደሆነ አብዛኞቹ ቡችላዎች ያለ መድኃኒት በጥቂት ወራት ውስጥ ይድናሉ። በአዋቂ ውሻ ላይ ገላውን ሲያዳርስ ግን ነገሩ ይለያል፤ የሰውነቱን የመከላከል አቅም ያዳከመ ሌላ በሽታ ወይም ሲወስደው የቆየ መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

አንገቱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተመልጦ ያያችሁት ውሻ ካለ ሰንሰለቱን ፈትሹ። ቡችላ እያለ የታሰረለት ገመድ ወይም ሽቦ ውሻው ሲያድግ አብሮ አይሰፋም። መጀመሪያ ፀጉሩን ይጨርሳል፣ ቀጥሎ ቆዳውን ይበላል፣ በመጨረሻም ሥጋው ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ ዝንብ ይወርሰዋል። ለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቅባት መፍትሔ አይሆንም። ማሰሪያው ይውለቅ፤ ቁስሉ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ይታጠብ፤ ሥጋው ውስጥ ከገባ ግን በቤት ከመጎተት ሐኪም ያውጣው። ሲድን በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ሰፋ ያለ ቀበቶ ይበቃዋል። ቀንም ሌሊትም ታስሮ የሚኖር ውሻ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቆስል ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ክርኑ ላይ ብቻ ተመልጦ የጠነከረ ቆዳ የታየበት ትልቅ ውሻ ሲሚንቶ ላይ ስለሚተኛ ነው፤ ጣውላ ወይም ወፍራም ጆንያ ይነጠፍለት። ቅርጽ የሌለው፣ የሚያብለጨልጭና ፀጉር ፈጽሞ የማያበቅል ቦታ ደግሞ የቃጠሎ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። በየሰፈሩ የፈላ ውሃ የሚደፋባቸው ውሾች እንዳሉ እናውቃለን፤ የሚደፋው እጅ የማን እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው። የወለደች ውሻ ስታጠባ ፀጉሯ ቢሳሳ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ምግብ ይጨመርላት፤ ቡችሎቹ ከተለያዩ በኋላ ይመለሳል።

በዕድሜ የገፋ ውሻ ሳያሳክከው ግራና ቀኝ ጎኑ በእኩል ሲመለጥ፣ ጅራቱ እንደ አይጥ ጅራት ሲሆን፣ ሳይበላ ሲወፍርና ሲፈዝ የታይሮይድ ዕጢው ማነስ ይጠረጠራል። ሆዱ ተንዘርጥጦ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ ደግሞ የሌላ ሆርሞን መብዛት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የደም ምርመራ ይፈልጋሉ፤ በቅባት አይነኩም።

ጭርት

ደንበኞቻችን ሁሉ ስሙን የሚጠሩት ጭርት (አንዳንዶች ቋቁቻ ይሉታል) በእርግጥ ውሻን ይይዛል። ፈንገስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ ይጀምርና ወደ ዳር ይሰፋል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ሳይነቀል አጥሮ ይሰበራል፤ ቆዳው አመድ የመሰለ ቅርፊት ያወጣል። ማሳከኩ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ከድመት፣ ከሌላ ውሻና ከአፈርም ሊመጣ ይችላል። የሚያስቸግረው የፈንገሱ ዘር በረገፈው ፀጉርና ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ከዓመት በላይ ሊቆይ መቻሉ ነው። ቦታው መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ተፈግፍጎ ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ቢፈስበት ይጠቅማል። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ግን አትቀላቅሉ፤ ውሻውንም አትጠቡበት።

ክብ የሆነ ሁሉ ጭርት አይደለም። እከክም፣ ዴሞዴክስም፣ ውሻው ራሱ የነከሰው ቁስልም ክብ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ቆዳውን በስለት ጫፍ ፍቆ፣ ፀጉሩንም ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው የሚለየው። ይህ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ምርመራ አይደለም፤ የእንስሳት ክሊኒክ ባለበት ከተማ ሁሉ መጠየቅ ይቻላል። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነዋሪ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለ።

የሚደፋውና የሚወጋው

እንግዲህ ወደ ሙያዬ ልግባ። በየግቢው በጣም የተለመደው «መድኃኒት» የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ተባዩን ያፍነዋል ተብሎ ከራስ እስከ ጅራት ይቀባል። ውሻ ግን የተቀባውን ሁሉ የሚልስ እንስሳ ነው። ዘይቱ በውስጡ ከሞተሩ የተጠራቀመ የብረት ዝቃጭና ሌላም መርዝ አለው፤ ሲልሰው ያስመልሰዋል፣ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች ያመጣበታል፣ የቆሰለውን ቆዳም ያቃጥለዋል። ነጭ ጋዝም እንደዚያው ነው። ለአትክልት የሚረጨው ፀረ ተባይ ከሁሉም ይብሳል፤ ምራቁ መዝረክረክ፣ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ያንን መርዝ በባዶ እጁ የሚቀባው ሰውና በማግስቱ ውሻውን የሚነካው ልጅም ከጉዳቱ አያመልጡም።

ሁለተኛው ለከብት የተሠራው የአይቨርሜክቲን መርፌ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ጥሩ ነው፤ በሐኪም እጅ ለውሻ እከክም ይሰጣል። ችግሩ መጠኑ ነው። በብዛት የሚሸጠው ባለ 1 ፐርሰንቱ ነው፤ ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር የተመጠነው 50 ኪሎ ለሚመዝን ከብት ነው። የግቢ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ ቡችላማ 3 ኪሎም አይሞላም። «ትንሽ ነው የወጋሁት» የሚለው ሰው የወጋው ትንሽ ነገር ለቡችላው ከመጠን በላይ እጥፍ ድርብ ነው። እንደ ኮሊ ያሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎችና ከእነሱ የተዳቀሉት ደግሞ በተፈጥሮ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ስለሚያልፍ ለሌላው ውሻ በማይጎዳ መጠንም ሊሞቱ ይችላሉ። ከተወጋ በኋላ የሚንገዳገድ፣ የዓይኑ ብሌን የሰፋ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በዓለም ገበያ የወጡ፣ ቁንጫን፣ መዥገርንና የእከክን ተባይ በአንድ ኪኒን የሚያጠፉ አዳዲስ የውሻ መድኃኒቶችም አሉ። የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ እንጂ ከመርፌው ይልቅ መጠናቸውን መሳት ይከብዳል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛው ከእኛው መደርደሪያ የሚወጣው የሰው ቅባት ነው። በተለይ ቤታሜታዞን ያለበት፣ «ሁሉን የሚያድን» እየተባለ በስሙ ተጠርቶ የሚገዛው ድብልቅ ቅባት። ይህ ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን መቅላትና ማሳከክ በሁለት ቀን ጸጥ ያደርጋል፤ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን የአካባቢውን መከላከያ ስለሚያዳክም ጭርቱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ዴሞዴክስ ከሆነም ያብስበታል። ሲቆም ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል። ለሰው እከክ የምንሰጠው ቤንዚል ቤንዞኤትም ውሻ ሊልሰው ስለሚችል ያለ ሐኪም አይቀባ። ለድመት ግን ፈጽሞ አይሁን። እግረ መንገዴን ስለ ድመት ልጨምር፤ ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት ፈሳሽ ድመትን ይገድላል። በየቤታችን ስትዞር የምትውለውን ድመት ውሻው በተቀባ ሰሞን አጠገቡ እንዳትተኛ አድርጉ።

ሳንባና ጉበት

«ፀጉሩ የሳሳው ምግብ አንሶት ነው፤ ሳንባ ጣልለት» ሲባል እሰማለሁ። እውነትነት አለው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ እየበላ የሚያድግ ውሻ ፕሮቲንና ዚንክ ስለሚያንሰው ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ሥጋና አጥንት ይገባዋል። ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ግን አይጣልለት።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአረፋ ኡድሒያ ስናርድ በበጉ ወይም በበሬው ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት እናገኛለን። «ይህ ለሰው አይሆንም» ይባልና ለውሻው ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ዘር እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ትሎቹ አንጀቱ ውስጥ አድገው እንቁላል ማውጣት ይጀምራሉ። ውሻው አይታመምም። እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣል፣ ቂጡን ሲልስ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ በእጅ በኩል ወደ ልጅ አፍ ይገባል። በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሦስት መቶ ሰው በሚያርድበት ሰፈር ከበዓሉ ማግስት የውሾቹን አፍ መመልከት ብቻ ይበቃል። ከረጢት የተገኘበት ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ጤነኛ የሚመስለውም ለውሻ የሚሰጠው ከ30 ደቂቃ በላይ ከተቀቀለ በኋላ ይሁን። ውሻውም የዚህን ትል መድኃኒት (ፕራዚኳንቴል) በሐኪም ምክር በየጊዜው ይውሰድ።

ልጆቹስ?

እናቶች በጣም የሚጨነቁት በዚህ ነው። የልጁ ራስ ላይ ቦታ ቦታ ሲመለጥ መጀመሪያ የሚወነጀለው ውሻው ነው። ነገር ግን በሀገራችን በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በብዛት የተገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ፈንገስ ሲሆን፣ ይህ ከውሻ ሳይሆን ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በአንድ ማበጠሪያ፣ በፀጉር ቤት መቁረጫ ማሽን፣ ቁርኣን ቤት እየተዋዋሱ በሚያደርጉት ኮፊያና ሻርፕ ይዞራል። ውሻውን አባርራችሁ ኮፊያውን ካልለያችሁ ልጁ አይድንም። የራስ ቆዳ ጭርት በቅባት ብቻ አይጠፋም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሲዮፉልቪን ከታዘዘለት ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይውሰደው፤ ያለዚያ በደንብ አይመጠጥም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ፀጉሩ ብቅ ማለት ሲጀምር «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መመለስ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶች ይህን መድኃኒት አይወስዱም።

በእከክም እንደዚሁ ነው። የውሻው እከክ ተባይ ሰው ላይ ሲወጣ ክንድ፣ ወገብና ሆድ ላይ ትናንሽ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ያወጣል፤ ነገር ግን በሰው ቆዳ ላይ መራባት ስለማይችል ውሻው ሲታከም የሰውየውም በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ቤተሰቡን በየተራ የሚያዳርስ ከሆነ ግን የሰው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል የተዛመተው ይኸው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ነበር። ይህ የሚጠፋው የሚያክም የማያክም የቤተሰቡ አባል በሙሉ በአንድ ሌሊት ሲቀባና ልብሱና አንሶላው አብሮ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ነው። ለጨቅላ ሕፃን የሚሆነው ቅባት ስለሚለይ ዕድሜውን ሳትናገሩ አትግዙ።

የታመመውን ውሻ የምታክሙት ሰዎች ጓንት አድርጉ፤ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ። ለዚህ ሥራ አንድ ልብስ ለዩ፤ ስትጨርሱም እጃችሁን እስከ ክርናችሁ በሳሙና ታጠቡ። እርጥቡ ልብስ ላይ ስላረፈ ነገርና ስለ ሶላት የሚነሳውን ጥያቄ መዝሀባችሁን ለሚያውቀው የመስጂዳችሁ ኡስታዝ አቅርቡት። ውሻው ሕክምና በጀመረ በሳምንቱ ማሳከኩ ባይተው መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አትጨምሩበት፤ ተባዩ ከሞተ በኋላም ቆዳው ለተወሰነ ጊዜ ማሳከኩን ይቀጥላል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ወራት ይፈልጋል።

የመጨረሻው ስለ ጎዳና ውሾች ነው። ልጆች ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ሲያዩ ያዝኑለትና ሊዳብሱት ይጠጋሉ። ምግብና ውሃ ከርቀት ያስቀምጡለት፤ በእጃቸው ግን አይንኩት። ክትባት መውሰዱ የማይታወቅ ውሻ ከነከሰ፣ ከቧጨረ ወይም የተላጠ ቆዳ ላይ ከላሰ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቡና፣ ቅጠልም ሆነ አመድ አትነስንሱበት። የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ክትባት መጀመር እንዳለበት ጠይቁ። የግቢያችሁን ውሻ ደግሞ 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ በየዓመቱም አሳድሱለት።